መዝገብ ላይ የሌሉ ቡችሎች

ጋሽ ፉጨት ውሻ በስሙ ጠርቶ አያውቅም። ሁለት ጣቶቹን ከንፈሩ መሃል ሰክቶ አንዴ ያፏጫል፤ ሁሉም ካሉበት ጥግ ጆሯቸውን አቁመው እየሮጡ ይመጣሉ። ቅጽል ስሙ ከዚያ የወጣ ነው። የመታወቂያ ስሙን ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል፤ አንዳንዴ ራሱም የረሳው ይመስላል።

ሥራው የከብትና የበግ ጠባቂ ውሾች ማርባት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ አልሞከረም፤ ቢሞክርም አይሆንለትም ነበር፣ ከሰው ጋር ግማሽ ሰዓት ከተቀመጠ ይቁነጠነጣል። ውሾቹ ደረታቸው ሰፊ፣ ዝምተኞች፣ ያለ ነገር የማይጮኹ ናቸው። ከእሱ አንዴ የወሰደ ሰው ሌላ ቦታ አይሄድም ይባል ነበር፤ እውነትም ነው።

ከውሾቹ እኩል የሚኮራበት ነገር ቢኖር መዝገቡ ነው። ጥቁር ሽፋን ያላቸው ሰባት ወፋፍራም ደብተሮች ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተደርድረዋል። እናት፣ አባት፣ የተወለደበት ቀን፣ ጾታ፣ ቀለም፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ለማን ተሰጠ» የሚል ጠባብ ዓምድ። ጽሕፈቱ ዓይን ይስባል። ገዢ ሲመጣ አንዱን አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋና «ይኸው፣ አርባ ዓመት። የሚጥል በሽታ የሚባል ነገር በዚህ ዘር አልታየም» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ።

ደብተሮቹ ላይ የሰፈረው ሁሉ ትክክል ነበር። ግን ቡችላ እንደተወለደ ደብተር ላይ አይገባም። መጀመሪያ የሚጻፈው በጠመኔ፣ የውሾቹ ቤት በር ላይ በተቸነከረው ጥቁር ሰሌዳ ነው። ጋሽ ፉጨት ውሻ የሚሰጠው ዓመት ሙሉ አሳድጎና አሠልጥኖ ስለነበር፣ ስሙ ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ የሚዛወረው ከግቢው በሚወጣበት ቀን ነው። ሥራውን ያስተማረው ሽማግሌ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ «መዝገብ ላይ የሚገባው ለሰው የሚሰጠው ነው፣ የቀረው የቤትህ ጉዳይ ነው» ይለው ነበር። በመሃል የሞተ፣ ወይም አንድ ቀን ወድቆ አረፋ እየደፈቀ እግሮቹን ያፈራገጠ ቡችላ ከሰሌዳው በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል። የወደቀውን ጋሽ ፉጨት ፒክአፑ ላይ ጭኖ ወደ ድንጋይ ካባው ይሄድና ብቻውን ይመለሳል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ይህን ታውቅ ነበር። ከካባው በተመለሰ ቀን ምሳ ታቀርብለታለች እንጂ ፊቱን አታየውም።

ሴት ልጁ ግን አታውቅም። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ከእጇ የማይጠፋ ቡችላ ነበራት፤ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ጉሬዛ ብላዋለች። ስምንት ወር ሲሆነው እሷ ትምህርት ቤት እያለች ሁለት ጊዜ ወደቀ። ስትመለስ ጉሬዛ የለም። «ወንዝ ዳር ሰፊ መሬት ላለው ሰውዬ ሰጠሁት፤ እዚያ ያሻውን ያህል ይሮጣል» አላት። አለቀሰች፣ ከዚያ ወረቀትና እርሳስ አምጥታ ውሻው እንዳይረሳት ሥዕሏን ሣለችለት። ጋሽ ፉጨት ሥዕሉን ተቀብሎ ሄደ፤ ሲመለስም «ደኅና ነው፣ ወፍሯል፣ ሰላም ብሎሻል» አላት። እንዲህ እየተባባሉ ሁለት ዓመት ቆዩ። ሥዕሎቹ ከፒክአፑ ወንበር ሥር፣ የመፍቻ ሣጥኑ ውስጥ ተከማቹ።

አሁን ልጅቷ ሠላሳ ዓመቷ ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ወደ ድንጋይ ካባው መታጠፊያ ላይ ባለው የእንስሳት ሐኪም ቤት ረዳት ሆና ትሠራለች። የአባቷ ጉልበት እንደ ድሮው ስላልሆነ ውሾቹን ቀስ በቀስ በእጇ እያስገባች ነው። ስትረከብም አንድ ሁለት ነገር ለወጠች። ገዢዎች ውሻውን ከትንሽነቱ ጀምረው ራሳቸው ማሳደግ ስለሚፈልጉ በሦስት ወሩ ይሰጣል አለች። ጋሽ ፉጨት ትንሽ አጉረመረመና ተወው። ሁለተኛው የዘር ምርመራው ነው።

«አሁን ሰዉ ወረቀት ይጠይቃል፣ አባዬ። ጉንጫቸውን በጥጥ ማሸት ብቻ ነው፤ አያማቸውም።»

«ወረቀቱ ከእኔ ደብተር ይበልጣል?»

«አይበልጥም። ከደብተርህ ጎን ይቀመጣል።»

ይቺ መልስ አንጀቱን አራሰችው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሻምበልንና ዳማን አቀረቡ። ሻምበል የግቢው አውራ ነው፤ ዳማ ደግሞ ስድስት ዓመት የሞላት ቀይ እናት፣ ጋሽ ፉጨት «ሴትዮዋ» የሚላት። ልጅቷ አስቀድማ ምንም እንዳይበሉ አስጠንቅቃው ነበር። ሻምበል ታዘዘ። ዳማ ግን ገና ጎኑ መጥታ አገጯን ጉልበቱ ላይ ስታሳርፍ ጋሽ ፉጨት መቼ ይችላል፤ ልጁ ጓንቷን እስክታጠልቅ ወተት የነካ ዳቦ አጎረሳት።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ። ሻምበል ተሸካሚ ነው ይላል። የዳማ ናሙና ላይ «የምግብ ቅሪት ስላለበት ሊመረመር አልቻለም፤ ይደገም» ተብሎ ተጽፏል።

«ምን አጎረስካት?» አለች ልጁ እየሳቀች።

«እኔ?» አለ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ከዚያ ስለ ሻምበል ጠየቃት፤ ታመመ ማለት ነው ወይ አላት። ልጅቷ ከምድጃው አጠገብ የክብሪት ቀፎ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አራት እንጨቶች ደረደረች። አንዱን ለኩሳ አጠፋችው።

«እያንዳንዱ ውሻ ሁለት ሁለት እንጨት አለው እንበል፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ የወሰደው። ሻምበል አንድ ደኅና አንድ የተቃጠለ አለው። ደኅናው ስላለው እሱ አይታመምም፣ ዕድሜ ልኩን አይወድቅም። ለልጆቹ ግን የተቃጠለውን ሊሰጥ ይችላል። ዳማ ሁለቱም ደኅና ከሆኑ ምንም ችግር የለም፣ ማንም አይታመምም። እሷም አንድ የተቃጠለ ካላት ግን ከሁለቱም የተቃጠለ የሚደርሰው ቡችላ ይኖራል። የሚወድቀው እሱ ነው።»

ጋሽ ፉጨት የተቃጠለውን እንጨት በጣቱ ነካው። ጥቁሩ ጣቱ ላይ ቀረ።

«እንግዲህ የዳማን ማወቅ ነው» አለች ልጁ። «ግን ወንድ የምትፈልግበት ሰሞን አሁን ነው። ናሙናው እስኪደገም ያልፋል፤ ቀጣዩን ከጠበቅን ሰባት ወር ነው። እድሜዋም እየሄደ ነው። ከዚች ምርጥ እናት ሌላ ቡችላ ላናገኝ እንችላለን።»

ይህን ብላ ወንበር ላይ ቆመችና ደብተሮቹን ከቁም ሣጥኑ አወረደች። ዳማ ከነማን ጋር እንደተወለደች አየች። የእናቷን ልጆች፣ የእናቷን እናት፣ እህቶቿን ሁሉ አገላበጠች። ቀኑ እስኪመሽ ድረስ ገጽ በገጽ በጣቷ እየተከተለች ሄደች። ጋሽ ፉጨት ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ዳማ በተወለደችበት ገጽ ላይ ስድስት ስሞች አሉ። የተወለዱት ሰባት ነበሩ። ሰባተኛዋ አመድማ ሴት ነበረች፤ ስድስት ወሯ ላይ የውሃ ገንዳው ሥር ወድቃ ስትንፈራገጥ ያገኛት ራሱ ነው።

«አባዬ» አለች ልጁ ደብተሩን ዘግታ። «በዳማ በኩል የወደቀ አይተህ ታውቃለህ? አንድም ይሁን።»

አፉን ከፈተ። ልጁ ግን መልሱን አልጠበቀችም፣ እጇን ደብተሩ ላይ አሳርፋ ፈገግ ብላ ታየው ነበር።

«አንተ እንዲህ አድርገህ ባትጽፍ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? ሐኪም ቤት የሚመጡት ሰዎች የውሻቸውን እናት እንኳ አያውቁም። እኔ ግን የአርባ ዓመት አለኝ።»

«አላየሁም» አለ ጋሽ ፉጨት።

አራት ፊደል አይሞላም ብሎ ኋላ ላይ ራሱን ለማጽናናት ሞክሮ ነበር፤ ሲቆጥረው ግን አምስት ሆነበት። ያን ቀን ሆድ ይፍጀው አለ። ደግሞም ዳማ የግድ ተሸካሚ ናት ማለት አይደለም፣ ምናልባት ደኅናውን ወስዳ ይሆናል እያለ ራሱን ሸነገለ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልጁ በዚያ ዓይን ስታየው ደስ ብሎት ነበር፤ ያን ዓይን ማጣት ፈራ።

ሻምበልና ዳማ ተገናኙ። ናሙናው አልተደገመም፤ «መዝገቡ ካለ ምን ያለፋናል» አለች ልጁ፣ እሱም አልተከራከረም። በሁለት ወሩ ዳማ ስምንት ወለደች። ጋሽ ፉጨት እንደ ልማዱ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጻፋቸው፤ ልጁ ግን የዚያኑ ዕለት ደብተር ላይም አሰፈረቻቸው። «በሦስት ወራቸው ስለሚሄዱ ሁለት ጊዜ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?» አለች። ሦስት ወር ሲሞላቸው ለየሰዉ ተሰጡ። ለእያንዳንዳቸው ልጅቷ ራሷ የጻፈችው ወረቀት ተያይዟል፦ በዚህ ዘር በአርባ ዓመት መዝገብ ውስጥ የሚጥል በሽታ አልታየም ይላል። ከሥሩ የፈረመችው እሷ ናት። የአባቷ ፊርማ የለበትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ መጀመሪያ የደወለው እንጨት ነጋዴው ነው። ውሻዬ መጋዝ ቤት ውስጥ ወደቀ፣ አረፋ ደፈቀ አለ። ልጅቷ ረጋ ብላ አነጋገረችው፤ ለእንጨት የሚቀባ መርዝ ይልስ እንደሆነ ጠየቀችው፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ እንደሆነ ጠየቀችው። «በእኛ በኩል እንኳ የለም፤ አባቴ አርባ ዓመት መዝግቧል» አለችው። ጋሽ ፉጨት ጓዳ ሆኖ ይሰማል። በሳምንቱ ጡረታ የወጣች መምህርት ደወለች፣ የእሷም ወድቋል። ሦስተኛው ሲደውል ልጅቷ አነጋግራው ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ጥጧን ይዛ ወደ ዳማ ሄደች። በዚህ ጊዜ ማንም ዳቦ አላጎረሳትም።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ከሥራ ቀደም ብላ ተመለሰች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ተሸካሚ።

«አይሆንም» አለች ልጁ፣ እየተንጎራደደች። «ዳማ ተሸካሚ ከሆነች ከእናቷ ወይ ከአባቷ ወስዳዋለች፤ እነሱም ከነሱ እናትና አባት። ስንት ጊዜ እርስ በርስ ተገናኝተዋል? አርባ ዓመት ሙሉ አንድ እንኳ ሳይወድቅ እንዴት ይሆናል? ላቦራቶሪው ተሳስቷል፣ አባዬ። የሻምበልንም አበላሽተውት ይሆናል። ቡችሎቹ የወደቁት በሌላ ምክንያት ይሆናል። ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ። ደብተርህን ፎቶ አንስቼ ነው የምልክላቸው።»

ሰባተኛውን ደብተር ለማውረድ ወንበሩን ሳበች። ያኔ ነው ጋሽ ፉጨት ልቡ የቆረጠው። ልጁ በእሱ ውሸት ተማምና የማታውቃቸውን ሰዎች ልትሞግት ነው።

«ላቦራቶሪው አልተሳሳተም» አለ።

ወንበሩን እንደያዘች ዞረች።

«ነበሩ» አለ። «የወደቁ ነበሩ። ከሰሌዳው አጠፋኋቸው እንጂ ነበሩ። የዳማም እህት ወድቃለች።»

ልጅቷ አልጮኸችም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ስንት?»

«አሥራ አንድ።»

ሳያስብ ነው የመለሰው፤ ቁጥሩ ምንጊዜም ምላሱ ላይ ነበር። የት እንደወሰዳቸውም ነገራት። ከዚያ በኋላ አላናገረችውም፤ ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ክፍሏ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ስምንቱን ቁጥሮች በተራ ወረቀት ላይ ጻፈች። «እኔ እደውላለሁ፣ አንተ ትናገራለህ» አለችው። ከሰው ጋር ግማሽ ሰዓት መቀመጥ የማይችለው ጋሽ ፉጨት ረፋዱን ሙሉ ለስምንት ሰው «ዋሸሁ» አለ። እንጨት ነጋዴው የሰደበውን ስድብ እዚህ መድገም አያስፈልግም። አንዱ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት። አንዲት ሴትዮ ብቻ «አይዞት» አለችው፤ እሷ ደግሞ ከስድቡ ሁሉ በለጠችበት።

መጨረሻ ላይ መምህርቷ ቀረች።

«አውቄዋለሁ እኮ፣ ጋሼ» አለች። «ሐኪሙ ከዘር ሳይሆን አይቀርም ብሎኛል።»

«ታዲያ ውሻው…» አለ። ስለ ወደቀ ውሻ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚባል አያውቅም።

«ወንበሬ ሥር ተኝቷል። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ክኒን ነው፤ ዳቦ ውስጥ ከትቼ እሰጠዋለሁ፣ ያው ሌባ ስለሆነ ዳቦውን በልቶ ክኒኑን የሚተፋበት ቀን አለ። ከጀመረ ወዲህ አንዴ ብቻ ነው የወደቀው። ምነው ጋሼ፣ ሊወስዱት ነው እንዴ? አልሰጥም።»

«አይ» አለ ጋሽ ፉጨት። «አልወስደውም።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም እጁ ላይ ይዞት ቆየ። ክኒን፣ ዳቦ ውስጥ። ይህን ለመስማት አርባ ዓመት ፈጀበት።

ልጅቷ ስምንተኛውን ደብተር አወጣች። አዲስ ነው፣ ገና ምንም አልተጻፈበትም። በማስመሪያ ዓምዶቹን አሰመረች፤ እንደ ድሮዎቹ አድርጋ፣ «ለማን ተሰጠ» የሚለውን ጭምር።

«ንገረኝ» አለችው።

ነገራት። አንዳቸውንም አልረሳም። ቡኒ ወንድ፣ የፊት እግሩ ነጭ፣ አምስት ወር። መንትያ የሚመስሉ ሁለት ቀያይ ሴቶች፣ በአንድ ሳምንት የወደቁ። ጅራቱ ቆልመም ያለ። አመድማዋ የዳማ እህት። እናታቸውን፣ አባታቸውን፣ የትኛው ወቅት እንደነበር ሁሉ ያውቃል። ልጅቷ ቀና ሳትል ትጽፋለች። አሥር ላይ ሲደርስ ዝም አለ።

«አሥራ አንድ ብለሃል» አለች።

ውጭ ዳማ በሩን በእግሯ ቧጠጠች፣ ማንም አልከፈተላትም። አሁንም አንድ ውሸት ነበረው፤ አሥር ነው፣ ተሳስቼ ነው ማለት ይችል ነበር። ልጁ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ሳታነሳ ትጠብቃለች።

«ወንድ» አለ ጋሽ ፉጨት። «ጥቁርና ነጭ። የስምንት ወር።»

እስክሪብቶው አልተንቀሳቀሰም።

«ሥዕሎቹስ?» አለች በመጨረሻ።

«አሉ። አልጣልኳቸውም።»

«ሰፊ መሬት ያለው ሰውዬ እንደሌለማ አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ገባኝ» አለች፣ ዓይኗ ደብተሩ ላይ እንዳለ። «መኪና ገጭቶት ይሆናል ብዬ ነው ያሰብኩት። እንዳላለቅስ ብለህ የፈጠርከው መሰለኝ። ለስንት ሰው አጫውቻለሁ መሰለህ፣ አባቴ እንዲህ ያለ ሰው ነው እያልኩ።»

ጋሽ ፉጨት ሊያለቅስ ፈለገ፣ ግን እሷ ሳታለቅስ እሱ ማልቀሱ ነውር መሰለው።

«ያን ጊዜም ክኒኑ ነበር?» አለች። «ቢታከም ይኖር ነበር?»

«አላውቅም።»

«ሐኪም ቤቱ እኮ ያኔም እዚያው ነው። ወደ ካባው የሚሄድ ሰው በበሩ ነው የሚያልፈው።»

«አዎ።»

የጉሬዛን ስም ጻፈች። ጾታውን፣ ቀለሙን፣ ዕድሜውን ጻፈች። መጨረሻው ዓምድ ጋ ስትደርስ አቆመችና ደብተሩን ወደ እሱ ገፋችለት፤ እስክሪብቶውን ላዩ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄን አንተ ጻፈው» አለች።

ጋሽ ፉጨት እስክሪብቶውን አነሳ። «ለማን ተሰጠ» ከሚለው ሥር፦ «በሐኪም ቤቱ በር አሥራ አንድ ጊዜ አለፍኩ። ገብቼ አልጠየቅኩም» ብሎ ጻፈ። ዓምዱ ጠባብ ስለሆነ አልበቃውም፤ ጽሑፉ መስመሩን አልፎ እስከ ገጹ ጠርዝ ድረስ ሄደ።